ስለ ጃክ ትራይስ መታሰቢያ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በአዮዋ ግዛት፣ ኤምስ በምትባል ከተማ በእርሻ ትምህርት ስሙ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ60 ሺህ የሚበልጥ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየሙ የሚጠራው በጦር አለቃ ወይም ገንዘብ በሰጠ ባለጠጋ ስም አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰልፎ በ21 ዓመቱ በሞተ ጥቁር ተማሪ ስም ነው እንጂ።

ጃክ ትራይስ በ1902 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ግዛት፣ ሃይራም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቀድሞ በጥቁሮች ፈረሰኛ ጦር ያገለገለው አባቱ በ1909 ስለ ሞተ፣ እናቱ ወይዘሮ አና ብቻቸውን አሳደጉት። የሃይራም ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ነበረ። ወይዘሮ አና ልጃቸው ከወገኖቹ መካከል ኖሮ ጥቁር ሰው በዚያ አገር የሚያገኘውን ችግር አስቀድሞ እንዲያውቅ ብለው ወደ ክሊቭላንድ ከተማ ከአጎቱ ዘንድ ሰደዱት። አንድ ልጅ ላላት መበለት እንዲህ ያለውን ነገር ለመቍረጥ ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልግ የወለደ ያውቀዋል።

በ1922 የኳስ አሠልጣኙ ወደ ኤምስ ሲዛወር ትራይስም ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ተከተለው። ትምህርቱ የከብት እርባታ ነበረ፤ አሳቡም ሲጨርስ ወደ ደቡብ ወርዶ ጥቁር ገበሬዎችን ለመርዳት ነበር። ታላቁ የእርሻ ሊቅ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርም ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥቶ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በ1923 በጋ ኮራ ሜይ የምትባል ወጣት አገባ።

የአሜሪካኖች እግር ኳስ እኛ እንደምናውቀው አይደለም። ኳሱ በእጅ ተይዞ ይሮጡበታል፤ ተጫዋቾቹም እየተጋፉ ይጣጣላሉ። ትራይስ በኮሌጁ የኳስ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ነበረ። ጥቅምት 5 ቀን 1923፣ ከሚኒሶታ ቡድን ጋር ሊጋጠም በዋዜማው፣ ካደረበት ሆቴል ወረቀት ላይ ለራሱ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። የወገኑ፣ የቤተ ሰቡና የራሱ ክብር በነገው ጨዋታ እንደሚፈተን፣ ሰው ሁሉ ታላቅ ነገር እንደሚጠብቅበት፣ እሱም ሥጋውንና ነፍሱን ሳይሳሳ እንደሚሰጥ ገለጸ። አብረውት ከተሰለፉት መካከል ዘሩን ሁሉ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ሜዳ የገባ ሌላ አልነበረም።

በማግሥቱ ገና በጨዋታው መጀመሪያ የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ ደኅና ነኝ ብሎ ቀጠለ። ኋላም ተቃራኒዎቹን ሊያግድ ከፊታቸው ራሱን ሲጥል በጀርባው ወደቀ፤ እነሱም ረገጡት። ሆን ብለው ነው ወይስ በጨዋታው ግፊት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሐኪሞች መሄድ ይችላል ስላሉ በባቡር በገለባ ፍራሽ ላይ አስተኝተው ወደ ኤምስ መለሱት። ጥቅምት 8 ቀን (በእኛ መስከረም 27 ቀን 1916 ዓ.ም.) በውስጥ ደም መፍሰስ ሞተ።

በቀብሩ ሥርዓት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከግቢው መካከል ተሰበሰበ። ከኮቱ ኪስ የተገኘውን ያን ወረቀት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ለጉባኤው አነበቡት። ተማሪዎቹም ለቀብሩ ወጪና ለእናቱ ዕዳ መክፈያ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ። ወይዘሮ አና ለፕሬዚዳንቱ በጻፉት ደብዳቤ፣ የልጃቸው ሕይወትና ሞት ከእሱ በኋላ ወደ ኤምስ ለሚመጡ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ከሆነ በከንቱ አልሞተም አሉ። ነገር ግን ያለኝ እሱ ብቻ ነበረ፤ አርጅቻለሁ፤ ብቻዬንም ቀርቻለሁ ሲሉ ጨመሩ።

ያ የዋዜማ ጽሑፍ በነሐስ ተቀርጾ በስፖርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለብዙ መታሰቢያ የሚሆነው ነው፤ አቧራ ሸፈነው፤ ሰውም ሳያየው ያልፍ ጀመር። በ1957 አንድ ተማሪ ቆም ብሎ አነበበውና ታሪኩን በመጽሔት አወጣው። በ1973 ደግሞ ሌሎች ተማሪዎች ታሪኩን መርምረው፣ ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው አዲሱ ስታዲየም በትራይስ ስም እንዲጠራ ጠየቁ።

ሹማምንቱ አልቸኮሉም። በ1984 የሰጡት መልስ ግማሽ ነበር፦ ሣሩ ሜዳ በትራይስ ስም ይጠራ፣ ሕንፃው ግን የራሱን ስም ይያዝ አሉ። ስም ለማክበር እንዲህ ያለ ስስት የሚያስፈልግ አይመስለንም። ተማሪዎቹ ግን በ1988 ከራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ሐውልት አቆሙለት። ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ወገን ጥያቄውን ለተከታዩ እያወረሰ ስለ ሄደ፣ በ24ኛው ዓመት፣ በ1997፣ ስታዲየሙ በሙሉ የጃክ ትራይስ ተባለ።

በ2023፣ በሞተ በመቶኛው ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ደቡብ ይዞት ሊሄድ ተስፋ ያደረገውን የከብት እርባታ ዲግሪ በስሙ ሰጠ።