የቡና መቁያ ማሽን ጌዴኦ ሲገባ በማን እጅ ይሁን?

በአሜሪካ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቡና የሚቆላው በአብዛኛው በየቤቱ ነበር። የቤት እመቤቶች ጥሬውን ከሱቅ ገዝተው በምጣድ ወይም በምድጃ ይቆሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 አርበክል የሚባሉ የፒትስበርግ ነጋዴዎች የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት አሽገው መሸጥ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ሙያው ቀስ በቀስ ከማጀት ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። ዛሬ ያንኑ ሙያ ወደ ቤታቸው የሚመልሱ ሰዎች ለማሽን ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላሉ። ቤህሞር፣ ፍሬሽ ሮስት፣ የኮሪያው ጂን ካፌ፣ የለንደኑ ኢካዋ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ የቡና መቁያዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ጥሬ ቡና በትንሽ በትንሹ የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ይርጋጨፌ የማይጠፋ ስም ነው።

ይርጋጨፌ የሚገኝበት ጌዴኦ ግን ይህን ሙያ ጥሎት አያውቅም። ከዲላ እስከ ገደብ፣ ከወናጎ እስከ ኮቸሬ ቡና ይታጠባል፣ በብረት ምጣድ ይቆላል፣ ጢሱ ለእንግዳ ይዞራል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል። የምትቆላው ሴት ቴርሞሜትር የላትም። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲሄድ በዓይኗ ትከተለዋለች፤ መንጣጣት ሲጀምር በጆሮዋ ታውቀዋለች፤ ወዙ ፊቱ ላይ ብቅ ሲል ምጣዱን ታነሣለች። የኢካዋ ማሽን የገዛ ጀማሪ ስልኩ ላይ በመስመር ተስሎ የሚያየውን የሙቀት አካሄድ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ምንም መሣሪያ ለይታዋለች።

ምጣዱ ግን ወሰን አለው። ይህን መናገር ባህሉን መናቅ አይደለም። ምጣድ የሚያሞቀው ከሥር ነው፤ ብረቱን የነካው የፍሬው ጎን ቀድሞ ይበስላል፤ ለዚህ ነው ማማሰሉ የማይቋረጠው። በጌዴኦ ገበሬዎች ማሳ ላይ ደግሞ ኩሩሜ፣ ደጋና ወሊሾ የሚባሉት የአካባቢው ዝርያዎች ተሰባጥረው ይበቅላሉ። ኩሩሜ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ወሊሾ ተለቅ ይላል። አንድ ምጣድ ላይ ሲገናኙ ትንሹ ማረር ሲጀምር ትልቁ ገና ጥሬነት አለው። ሁሉም እንዲደርስ ሲባል ቡናው ጠቆር እስኪል ይቆያል፤ ጠቆር ሲል ደግሞ ይርጋጨፌን በዓለም ያስጠራው የአበባና የሎሚ ቃና ከጢሱ ጋር ይሄዳል። የቶኪዮና የኦስሎ ጠጪ ውድ ዋጋ የሚከፍለው ለዚያ ቃና ነው። ቡናውን ያበቀለው ገበሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያገኘው ይኖራል።

ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ይህ ጉድለት አይደለም። ጀበናው ጠንከር ያለ ቡና ይወዳል፤ ስኳር ወይም ጨው፣ ጤና አዳምም ሊገባበት ይችላል። ጎረቤት የሚጠራውም ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ሽታ ነው። ማሽን ይህን ይተካ ብሎ የሚነሣ ቢኖር ቡና ጠጥቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ጥያቄው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ትንንሾቹ ማሽኖች በሙቅ አየር ወይም በሚሽከረከር በርሜል እየቆሉ በአንድ ጊዜ ከ50 ግራም እስከ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይይዛሉ፤ ጥቂቶች እስከ አንድ ኪሎ ይደርሳሉ። ሙቀቱ ለሁሉም ፍሬ ከሞላ ጎደል እኩል ይደርሳል። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ቡናው ይንጣጣል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷ ግማሽ ደቂቃ ጣዕም ትለውጣለች፤ በመጨረሻም ማራገቢያው ቡናውን በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል። ትልቁ ጥቅም ግን አቆላሉን መድገም መቻሉ ነው። የሰኞው አቆላል ማክሰኞም ያው ከሆነ፣ በሁለቱ ስኒዎች መካከል የሚገኘው ልዩነት የመጣው ከቡናው ነው ማለት ይቻላል፤ ከማሳው፣ ከአለቃቀሙ፣ ከማድረቂያ አልጋ ላይ አደራረቁ። ለሽያጭ የሚደራደር ገበሬ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም መረጃ አያገኝም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዲላ የቡና ደረጃ የሚወጣበት ማዕከል አቋቁሟል። ናሙና በዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፣ ቀማሾች በማንኪያ እየሳቡ ነጥብ ይሰጣሉ። በዓለም አቀፉ የቅምሻ ሥርዓት ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ካላቸው ይመደባል፤ ዋጋውም ከዚያ ተነሥቶ ይሰላል። ገበሬው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የለም። እሸቱን በኪሎ ሸጦ ሄዷል። ገዢው የሚያውቀውን ሻጩ የማያውቅበት ገበያ ደግሞ ሁሌም ወደ ገዢው ያደላል።

ኢትዮጵያ ለስሙ ተሟግታለች። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተነሣችበት ወቅት ከስታርባክስ ጋር የገባችበት ክርክር እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጭቷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ቡናውና እንሰቱ በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅሉበት ያ ጥንታዊ አስተራረስ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስሙም መሬቱም ዕውቅና አግኝተዋል። ስለ ጣዕሙ የሚመሰክረው ሰው ግን ዛሬም ገበሬው አይደለም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢያንስ አንድ ትንሽ መቁያ፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ሚዛንና ጥቂት የመቅመሻ ስኒዎች ሊኖሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባላቱን ያሰባሰበው ቡናቸውን ያለ ደላላ ለዓለም ገዢ ለማቅረብ ነበር። አባላቱ የሚሸጡትን ቀምሰው እንዲያውቁ ማድረግ የዚሁ ዓላማ ተከታይ እንጂ ተጨማሪ ቅንጦት አይደለም።

ማሽኑ ማን እጅ ይግባ የሚለው ከዋጋው ይልቅ ያሳስባል። በብዙ ሙያዎች እንደታየው ሥራው በምጣድና በከሰል ሲሠራ የሴት ነው፤ ሞተርና ቁልፍ ሲገባበት ደመወዝ ይቆረጥለትና ወንዱ ይይዘዋል። ቡና መቁላት በዚህ መንገድ እንዲሄድ መፍቀድ በደል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትቆላ የኖረች የጌዴኦ እናት ከማንም ሠልጣኝ ቀድማ የሚንጣጣውን ድምፅ ታውቃለች፤ የቀረው ነገር ቡናው ጠቆር ሳይል አቆላሉን ማቆም፣ ነጥብ አሰጣጡንና የመመዝገቢያ ቅጹን መልመድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቅምሻ ሠልጣኞች እነዚህ ሴቶች መሆን አለባቸው፤ አበልም ደመወዝም ሊከፈላቸው ይገባል። በአዲስ አበባ ቤተልሔም ጥላሁን ያቋቋመችው ጋርደን ኦፍ ኮፊ በእጅ የተቆላ ቡናን ራሱን የቻለ የክብር ምርት አድርጎ ለውጭ ገበያ ማቅረብ እንደሚቻል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ የተከፈተው ቶሞካም ቆልቶ መሸጥ በአገር ውስጥ ስንት ዘመን የሚዘልቅ ንግድ እንደሆነ ምስክር ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ከዲላ የማይነሣበት ምክንያት የለም።

እንቅፋቶቹ ግልጽ ናቸው። መብራት ይጠፋል፤ በመሀል የቆመ ማሽን ውስጥ የቀረ ቡና ደግሞ በራሱ ሙቀት ያርራል፣ ለእሳትም ያሰጋል። በተለይ በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ብዙ ገለባ ስለሚያራግፍ ማሽኑ ከእያንዳንዱ አቆላል በኋላ መጽዳት አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታይ በጣም ተወዷል። መፍትሔው ግን እዚያው ቅርብ ነው። የሚሽከረከር በርሜል፣ የሙቀት መለኪያና በጋዝ የሚነድ ምድጃ ያለው መቁያ መሥራት የዲላ የብረታ ብረት ወርክሾፖች አቅም የማይችለው ሥራ አይደለም፤ በርሜሉን በእጅ ማዞሪያ ማድረግ ከተቻለ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች በየዓመቱ ለመመረቂያ ሠርተው መደርደሪያ ላይ ከሚያስቀምጧቸው ፕሮጀክቶች አንዱ ይህ ቢሆን፣ የሚሞክረው ማኅበር ከግቢው በር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል።

የጌዴኦ እሸት ቡና መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት አካባቢ ነው። ናሙናው በማኅበሩ ቤት ተቆልቶ፣ የቆሉት እናቶችና ያለሙት ገበሬዎች አብረው ቀምሰውት፣ ነጥቡ ተጽፎ ገዢ ፊት እንዲቀርብ ከተፈለገ፣ ማሽኑን የመግዛት ወይም የማሠራት ውሳኔ ከክረምቱ በፊት በማኅበራቱ ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ መስፈር ይኖርበታል።