ስሌት ልኬትን አይተካም፦ የናውሩ የከርሰ ምድር ውሃ

ናውሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ብላ የወጣች የኮራል ደሴት ናት። ወንዝ የላትም፤ የሚወርደው ዝናብ በተሰነጣጠቀው የኖራ ድንጋይ በኩል ፈጥኖ ይሰርጋል። ከባሕር ውሃ ስለሚቀልም በጨዋማው ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል።

የዚህን ውሃ መጠን ለመገመት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የጊበንና የሄርዝበርግ ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት የከርሰ ምድሩ ውሃ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጨው አልባ ውሃ ይኖራል። ይህ ግን ሁለቱ ውሃዎች ሳይደባለቁ በጠራ ወሰን ተለያይተው እንደሚኖሩ የሚያስብ ቀመር ነው። በናውሩ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በስንጥቆች በኩል ወደ ደሴቲቱ ውስጥ ስለሚዘልቅ ውሃዎቹ ይደባለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የተካሄደው የቁፋሮ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨው አልባው ውሃ በአማካይ 5 ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ሲኖረው፣ ከሥሩ ያለው የተደባለቀ ውሃ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል።

ስለዚህ በእኔ እምነት፣ እንዲህ ባለ ደሴት ላይ በቀመር ብቻ የተሰላ የውሃ ክምችት ለፓምፕ መትከያ ውሳኔ መነሻ ሊሆን አይገባውም። ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ከመጠን በላይ ሲሳብ ጨዋማው ውሃ ከሥር ወደ ጉድጓዱ ይወጣል። የናውሩ ሕዝብ በአመዛኙ የሚኖረው በጠባቡ የባሕር ዳርቻ ላይ በመሆኑም፣ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገው ፍሳሽ ያንኑ ስስ ውሃ ይበክላል። የባሕር ውሃን ጨው መለየት አማራጭ ቢሆንም፣ ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ላይ መመካትን ያስከትላል።

የክትትል ጉድጓድ ውድ ነው የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ልኬት ወጪውን እንደሚያቃልል እሙን ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን የሚያረጋግጥ ጉድጓድ ከሌለ፣ እርሱም ሌላ ግምት ከመሆን አያልፍም። በተለያየ ጥልቀት ጨዋማነትን የሚለኩ ጥቂት ጉድጓዶች፣ በድርቅም በዝናብም ወቅት ሳይቋረጡ ቢነበቡ፣ ከብዙ ስሌት ይበልጣሉ። ተመራማሪ ለእንዲህ ያለች ደሴት ሕዝብ የክምችት ቁጥር ከማቅረቡ በፊት፣ ቁጥሩ የተለካ ይሁን የተገመተ በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት።