ለየትኛው ሱፐርማን እንታመን?

«ፊልሙ ኮሚኩን ከዳ!» የሚለው ጩኸት ሰልችቶናል። ለመሆኑ የትኛውን ኮሚክ? ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 እ.ኤ.አ. በሥዕል ታሪክ ያስተዋወቁን ሱፐርማን ይዘል ነበር እንጂ መብረር እንኳ አይችልም ነበር! ጉልበቱን የሚያሟሽሸው ክሪፕቶናይትም በ1943 ከሬዲዮ ድራማ የመጣ ነው።

በ2013 የዛክ ስናይደር «ማን ኦፍ ስቲል» ሲወጣ ተቆርቋሪ ነን ባዮችን ሁለት ነገር አንገበገባቸው፤ የቀዩ ቁምጣ መቅረትና የዞድ አንገት መሰበር። ቁምጣው የጨርቅ ጉዳይ ነው፤ ይቅር። ግድያውንም ቢሆን ኮሚኩ በ1988 ቀድሞታል፤ ዞድ እዚያም በሱፐርማን እጅ ሞቷል።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ሱፐርማን ገና በመጀመሪያው እትም ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ያድናል፤ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ልክ ያስገባል፤ የሴናተር ሸፍጥ ሊያጋልጥ ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል። የ2013ቱ ግን ከዞድ ጋር ሲተናነቅ ሰማይ ጠቀሱ ፎቅ ይናዳል፤ ከሥር ስላለው ሕዝብ ግድ ያለው አይመስልም። በመጨረሻ አንገት የሰበረው አንድ ቤተሰብ ለማዳን መሆኑ አልጠፋኝም። እስከዚያ ድረስ የት ነበር? በ2016ቱ ተከታይ ፊልም እንኳ በዚያ ፍርስራሽ መካከል ሮጦ ሰው ሲያወጣ የምናየው ብሩስ ዌይንን ነው፤ ባትማንን!