ቦይለራችንና የውጭው ብርድ

ርእሰ አንቀጽ



ከኅዳር ወዲህ ብርዱ በርትቷል። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ የብሎካችን ዋና ብሬከር ማለዳ ማለዳ መውደቅ ይዟል። ልጆች በጨለማ ነው ለትምህርት ቤት የሚለብሱት። ሰው ሁሉ “መብራት ኃይል አጠፋብን” ይላል፤ ጎረቤት ብሎክ እኮ መብራቱ ቦግ ብሎ ይታያል! የምንጥለው እኛው ነን። አንዱ ቦይለር 1500 ዋት ይስባል። በብሎካችን 20 ቤት አለ። ሁሉም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲያበራ 30,000 ዋት ይሆናል፤ ምጣድ የጣደ ቤት ካለማ ሌላ ነው።

በብርድ አገር፣ በጀርመን ለምሳሌ፣ ቤት የሚያሞቀው ቦይለር ከውጭ ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ እንዳያሳስተው አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን በኩል፣ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ይገጠምለታል። ውጭው ሲቀዘቅዝ ቦይለሩ ወደ ክፍሎቹ የሚልከውን ውሃ ይበልጥ ያሞቃል፤ ውጭው ለዘብ ሲል እሱም ይቀንሳል። በጋዝ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ደግሞ፣ ዞሮ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ተለውጦ ሙቀቱን እዚያው ይተዋል። አለዚያ ያ ሙቀት በጭስ ማውጫ ይወጣ ነበር።

የእኛ ቦይለር ቤት አያሞቅም፤ ለገላና ለዕቃ ማጠቢያ ነው። ስለሆነም ያንን መለኪያ ገዝታችሁ ግጠሙ አልልም። ግን የውጭውን አየር አይቶ ማብራትና ማጥፋት ለኛም ይሆናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በዚህ ብርድ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃው ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል እንበል። 50 ሊትሩን ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጊዜው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። በሞቃቱ ወራት ውሃው 20 ዲግሪ ሆኖ ቢገባ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። መቆጣጠሪያውን 75 ላይ ያደረገ ቤት ግን በዚህ ብርድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይከፍላል፤ ከዚያም ቀዝቃዛ ውሃ እየቀላቀለ ይታጠባል። ምን ይባላል? ለቁጠባ ብሎ 40 ላይ የሚያወርድም አለ፤ ይህም ደግ አይደለም፤ ለብ ብሎ በቆየ ውሃ ውስጥ ሳንባን የሚያሳምም ባክቴሪያ ይራባል። 60 ይበቃል።

አንዳንድ አባላት “አጥፍቶ እንደገና ማሞቅ የበለጠ ይበላል” እያሉ ቀንና ሌሊት አብርተው ይተዋሉ። ይህ ስሕተት ነው። ማታ ለሚጠጣ ቡና ጀበናውን ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ የሚያቆይ አለ እንዴ? ቦይለር ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል ይወጣል፤ ውሃው በሞቀና ውጭው በቀዘቀዘ መጠን ቶሎ ይወጣል። ሁልጊዜ የበራ ቦይለር ማንም ሳይታጠብበት በቀን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያባክናል፤ በወር 30 መሆኑ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ብዙ የተጠቀመም የአንዱ ዋጋ ከፍ ይልበታል።

ማታ 60 ደርሶ የጠፋ ደህና ቦይለር እስከ ጠዋት የሚቀንሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ማለዳ ተሻምቶ ማብራት አያስፈልግም። ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ፦ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያሉት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያሙቁ። በነዚህ ሰዓቶች ምጣድ አይጣድ። አራስ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት በፈለገው ሰዓት ያብራ፤ ማንም አይጠይቀውም። እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ታይመር ቢያስገጥም ይገላገላል፤ ግን 1500 ዋት የሚችል መሆኑን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስመርምር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከቦይለሩ ሥር ያለው የደኅንነት ቫልቭ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ሥራው ነው። በጨርቅና በእንጨት የደፈናችሁ ዛሬውኑ አንሡት፤ ግፊቱ መውጫ ካጣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ልጆች ከመታጠባቸው በፊትም ይጥፋ፤ የመሬት ሽቦው መኖሩን ያጣራ ቤት ጥቂት ነው። ውሃ በተቋረጠ ቀንም አይብራ፤ ባዶውን ከነደደ ይቃጠላል።

መርሐ ግብሩ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለአንድ ወር ይሞከራል። ሰዓቱ የማይስማማው አባል እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጥበቃ ቤቱ አጠገብ በምናደርገው ስብሰባ ተገኝቶ ሐሳቡን ይስጥ። በደረጃ ላይ መጯጯህ ይቅር።

የማኅበሩ ጸሐፊ