ጨለማም ማጣሪያ ነው፦ በሪፍ አኳሪየም ለሰፍነጎች ሊሰጥ ስለሚገባው ቦታ

የኮራል ሪፍን በቤተ ሙከራ ለማቆየት የሚዘጋጁ የጨው ውኃ ገንዳዎች ንድፍ ዘወትር ከብርሃን ይነሣል። ኮራሎች በአካላቸው ውስጥ የሚኖሩት ዋቅላሚዎች ያለ ብርሃን ምግብ ስለማያዘጋጁ፣ ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የማጣሪያው ክፍልም መብራት ተሰቅሎለት ዋቅላሚ ብቻ ሲበቅልበት፣ የሪፉ አንድ ዐቢይ ገጽታ ከንድፉ ውጭ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ከማጣሪያው ቢያንስ አንዱ ክፍል ሆን ተብሎ ጨለማ መደረግ ይኖርበታል።

የተፈጥሮ ሪፍ ድፍን ዐለት ሳይሆን በዋሻና በስንጥቅ የተቦረቦረ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኔቸር መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በቀይ ባሕር ሪፎች ስንጥቆች ውስጥ ኢንዶስኮፕ በማስገባት፣ ሰፍነጎች በዚያ በብዛት እንደሚኖሩ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሰፍነጎች በውኃ የሟሟውን ኦርጋኒክ ቁስ ወስደው ሌሎች እንስሳት ሊመገቡት ወደሚችሉት ብናኝ እንደሚለውጡት ገልጿል።

ጉዳዩ ለተመራማሪ ቀላል አይደለም። ዋቅላሚ ናይትሬትንና ፎስፌትን ከውኃው ቢቀንስም፣ ራሱ ኦርጋኒክ ካርቦን ይለቃል። ይህም ባክቴሪያዎችን ይመግባል፤ መጠኑ ሲበዛ ኮራልን ሊገድል እንደሚችልም በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ስለ ሙቀት በሚደረግ ጥናት አንድ ኮራል ቢሞት፣ ምክንያቱ ሙቀቱ ይሁን የገንዳው ውኃ መለየት ሊያዳግት ይችላል።

ሰፍነጎች ናይትሮጅንን ከገንዳው አያስወግዱም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ በውስጣቸው ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሬት ይለቃሉ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን የሚያስረዳው ጨለማው ክፍል ብርሃን ያለውን ክፍል እንደማይተካ እንጂ አላስፈላጊ እንደሆነ አይደለም። ሁለቱ የሚሠሩት የተለያየ ሥራ ነውና ጎን ለጎን ሊኖሩ ይገባል።

ንድፉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ብርሃን የማያሳልፍ ክዳን፣ ቀዳዳ የበዛበት ዐለት፣ የማይቋረጥ የውኃ ፍሰት፣ እንዲሁም ብናኙን የሚመገቡ ትሎችና የባሕር ኮከብ ዘመዶች ይበቃሉ። ብርሃን ሾልኮ ከገባ ዋቅላሚ ሰፍነጉን ይሸፍነዋል። ሰፍነግን ከውኃ ማውጣትም አይገባም፤ አየር በሰውነቱ ቦዮች ውስጥ ቀርቶ ሕዋሳቱን ሊገድል ይችላልና። ማኅበረሰቡ እስኪደላደል ወራት ስለሚወስድ፣ ሙከራ ከመጀመሩ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የአጻጻፍ ልማዳችን ሊታረም ይገባል። በጥናት ዘዴ ክፍል የብርሃኑን መጠን በጥንቃቄ እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ የማጣሪያውን ዓይነት፣ የጨለማውን ክፍል ይዘትና የሟሟውን ኦርጋኒክ ካርቦን መጠንም ልንመዘግብ ይገባል። ያለዚህ የሁለት ቤተ ሙከራዎችን ውጤት ማነጻጸር አስተማማኝ አይሆንም።