«አንደኛ ነው» ያለው ማነው?

በሙዚቃ ክበባችን ሰሞኑን የተነሣው ክርክር በዚህ ገጽ ላይ ጥቂት ሊባልበት ይገባል። የሃንደልን «መሲሕ» አብረን ለማዳመጥ ታስቦ «ከብዙዎቹ ቅጂዎች የትኛው ይሁን?» ሲባል፣ አንድ እጩ መምህር በስልኩ ላይ የሐያስያንን ዝርዝር አወጣና «አንደኛ የወጣው ይኸውላችሁ፤ ምን ያከራክረናል?» አለ። ብዙዎችም ተስማሙ። በበኩሌ ክርክሩ ገና ከዚያ ይጀምራል ባይ ነኝ። አንደኛ ያለው ማነው? ምኑን ሰምቶ? ከየትኞቹ ጋር አወዳድሮ? ይህን ሳይጠይቁ ዝርዝር መቀበል የተማሪን ደብተር ሳይገልጡ ሌላ መምህር የሰጠውን ማርክ እንደ መገልበጥ ነው። ነገ ሃምሳ ስልሳ ሕፃናት ፊት ቆመን «ይህ አዘማመር ጥሩ ነው፣ ያ ይቀረዋል» የምንል እኛው ነንና ነገሩ የክበብ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ሥራውን ለማያውቁ ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ጀርመን አገር ተወልዶ ለንደን የኖረው ጆርጅ ፍሬደሪክ ሃንደል «መሲሕ»ን የደረሰው በ1741 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ24 ቀን ውስጥ ነው። ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ መርጦ ያሰናዳለት ቻርልስ ጄነንስ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ሚያዝያ 13 ቀን 1742 በአየርላንድ ከተማ በደብሊን ሲሆን፣ አዳራሹ እንዳይጣበብ ወይዛዝርቱ በሽቦ የተነፋውን ቀሚሳቸውን፣ ወንዶቹም ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር።

እንግዲህ «ትክክለኛው መሲሕ የትኛው ነው?» ለሚል ሰው ችግሩ ከደራሲው ከራሱ ይጀምራል። ሃንደል ሥራውን አንዴ ጽፎ አልተወውም። ዘማሪ በተለወጠ ቁጥር ይለውጠው ነበር። ስለ ጌታ መምጫ ቀን የሚናገረውን የወፍራም ድምፅ ብቸኛ ዜማ በ1750 ጓዳኚ ለሚባል ጣሊያናዊ ዘማሪ ብሎ እንደገና ጻፈው። ዛሬ የምናውቀው፣ እንደ እሳት የሚንቀለቀለው ፈጣን ክፍል የገባው ያኔ ነው። በ1754 ለንደን ውስጥ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ በተደረገው ዝግጅት የተከፈለው ሒሳብ ተመዝግቦ ስለ ቆየ፣ 38 ሙዚቀኞችና ሃያ ገደማ መዘምራን እንደ ነበሩ እናውቃለን። ሃንደል ከሞተ በኋላ ግን ነገሩ እያበጠ ሄደ። በ1784 በዌስትሚንስተር ከአምስት መቶ የሚበልጥ ሰው ተሰብስቦ አሰማው፣ በ1789 ሞዛርት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጨመረበት፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ክሪስታል ፓላስ በተባለው የመስታወት አዳራሽ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዘመሩት።

የሸክላዎቹም ልዩነት ከዚሁ የመነጨ ነው። ቶማስ ቢቻም በ1959 የቀዳው በዩጂን ጉሰንስ እንደ አዲስ የተቀናበረ ሲሆን፣ ሃንደል በሐሳቡም ያልነበሩ ጸናጽልና ትሪያንግል ሳይቀሩ ይሰሙበታል። ኮሊን ዴቪስ በ1966 የዘመኑን መሣሪያዎች እንደያዘ መዘምራኑን አሳንሶ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ ቀዳው። ክሪስቶፈር ሆግውድ ደግሞ በ1980 ያንኑ የ1754ቱን ዝግጅት ተከትሎ፣ የአንጀት ጅማት ያላቸውን የጥንት ቫዮሊኖችና የኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ካቴድራልን ወንዶች ልጆችና ጎልማሶች ይዞ ቀረበ። ሦስቱም «መሲሕ» ይባላሉ። እንዲያው ተከታትለው ቢሰሟቸው ግን አንድ አባት ያላቸው ሦስት የማይመሳሰሉ ልጆች ናቸው።

እስቲ ስለ ሕፃኑ መወለድ የሚናገረውን ኅብረ ዝማሬ እንውሰድ። ሃንደል ዜማውን ያመጣው በዚያው በ1741 ክረምት ለሁለት ድምፅ ከጻፈው የጣሊያንኛ ዘፈን ነው። ያ ዘፈን የፍቅርን አምላክ «አላምንህም» የሚል ነበር። (ለክርክራችን የተጻፈ ይመስላል!) ለሁለት ሰው ጉሮሮ የተሰፋ ዜማ በመሆኑ አንዱን ቃል ይዞ እንደ ጅረት የሚንቆረቆር ረጅም ሩጫ አለበት። ሁለት መቶ ሰው ሲሮጠው ውሃው ይደፈርሳል፤ የሆግውድ መዘምራን ሲሮጡት እያንዳንዱ ጠጠር ይታያል። ይሁንና ሩጫው አልቆ መዘምራኑ ሁሉ በአንድ አፍ የሕፃኑን ስሞች ወደሚጠሩበት ቦታ ሲደረስ ሚዛኑ ይገለበጣል። እዚያ ላይ የሆግውድ ልጆች ድምፅ ይሳሳብኛል፤ የዴቪስ ግን ደረት ይመታል። ታዲያ የትኛው ነው «አንደኛ»? ለሩጫው ወይስ ለጥሪው? ዝርዝሩ ይህን አይነግረንም።

ሌላም አለ። ሃንደል መለከቶቹን በጥቂት ቦታ ብቻ ነው የሚጠቀምባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በመላእክቱ ዝማሬ ላይ ሲገቡም ከሩቅና በለስታ እንዲነፉ ጽፏል። ቲምፓኒ የሚባለው ከበሮ እስከ ሁለተኛው ክፍል ማብቂያ፣ እስከ «ሃሌ ሉያ» ድረስ አንዴም አይመታም። ይህን የሚያውቅ ሰው ማንም ሳይመክረው አንድን ቅጂ መመዘን ይችላል። መለከቱ ከሩቅ መጣ ወይስ ጆሮው ሥር ነፋ? ከበሮው ሲመታ ደነገጠ ወይስ ቀድሞ ሰልችቶት ነበር? ለዚህ የሙዚቃ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ይህ ሲባል ሐያሲ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ኧረ በጭራሽ! በርናርድ ሾው ተውኔት ጸሐፊ ሆኖ ከመታወቁ በፊት በለንደን ጋዜጦች የሙዚቃ ሐያሲ ነበር። ገና በ1891 በሺህ ሰው የሚታጀበውን «መሲሕ» ሰልችቶት፣ ሃያ ብቁ ዘማሪዎች ብቻ በሚገባ ተለማምደው እንዲያሰሙት ጠይቋል። ጊዜው የግዙፍ ኅብረ ዝማሬ ፋሽን የነገሠበት ነበር፤ የሆግውድ ሸክላ ሊወጣ ገና 89 ዓመት ቀርቶታል። ሾውን የማምነው ስመ ጥር ስለ ሆነ ሳይሆን ምክንያቱን ስላስቀመጠልኝ ነው። ምክንያቱን ይዤ ራሴ ሄጄ ላጣራው እችላለሁ። ኮከብን ግን በምን አጣራዋለሁ? ለብዙ ዓመታት ይታተም የነበረው «ፔንግዊን ጋይድ» እንኳ ከሦስቱ ኮከቦቹ በላይ የሚያድላት የአበባ ምልክት የአንድ ገምጋሚ የግል ፍቅር መግለጫ መሆኗን በግልጽ ይናገር ነበር። አንባቢው ነው ሕግ ያደረጋት።

ምክርም እንደ ሰው ያረጃል። በ1966 የዴቪስ ቅጂ ሲወጣ አቧራ የተራገፈለት ሥዕል ተብሎ የሚወደስ ዓይነት ነበር። የጥንት መሣሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ ግን ያንኑ ሸክላ «ከባድ» የሚሉ ጆሮዎች መጡ። ሸክላው አንዲት ኖታ አልለወጠም። ስለዚህ ዝርዝር ስናይ የተጻፈበትን ዓመት ማየት ደግ ነው። የሚገርመው፣ ዝርዝር የሚያወጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ዓመቱን ከነምክንያታቸው ጽፈዋል። እኛ ነን ከላይ ያለውን ስም ብቻ ነጥቀን የምንሮጠው።

ለክበቡ የማቀርበው ሐሳብ ይኸውና። ሦስቱን ቅጂዎች በሙሉ ለመስማት ሰባት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ አይሞከርም። የሕፃኑን ኅብረ ዝማሬ፣ የመላእክቱንና «ሃሌ ሉያ»ን ብቻ ከየቅጂው እንውሰድ። አጫዋቹ ብቻ ስማቸውን ይወቅ፤ ለእኛ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ይበቃናል። እያንዳንዱ እጩ መምህር የወደደውን ብቻ ሳይሆን የት ቦታ ላይ ምን እንደ ሰማ በወረቀት ያስፍር። «ደስ ይላል» ብቻ ያለ ወረቀት አይቆጠር። ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ያ ጓደኛችን ስልኩን ያውጣና የሐያስያኑን ጽሑፍ ከነምክንያቱ ያንብብልን። የእኔ ግምት በ«ሀ» እና በ«ሐ» መካከል ለሁለት እንከፈላለን የሚል ነው፤ የቢቻምን ጸናጽል በድብቅ የሚወድም አይጠፋም።