ሕንጻ ስንረከብ ደረጃውን እንለካ





በከተማችን በእንፍራንዝ ለጉዳይ በምመላለስበት አንድ ባለ ፎቅ መሥሪያ ቤት፥ ባለጉዳይ ሁሉ የሚደናቀፈው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት እዚያው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ያዩት ሰዎች «ዐይናቸው ደክሞ ነው» አሉ። እኔ ግን ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ሜትር ይዤ ሄጄ ደረጃውን አንድ በአንድ ለካሁት። የመጀመሪያው ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር፥ የመጨረሻው 22፥ በመካከል ያሉት 16ቱ ግን እያንዳንዳቸው 17 ናቸው። እግር ሁለት ሦስት ደረጃ ከወጣ በኋላ ልኩን ለምዶ ሳያይ ስለሚራመድ፥ ይህ ልዩነት ጎልማሳውንም ለመጣል ይበቃል።

የደረጃ ልክ ግን ከጥንት የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው የሕንጻ ሊቅ ፍራንስዋ ብሎንዴል እ.ኤ.አ. በ1675 ማሳተም በጀመረው መጽሐፉ የሰውን እርምጃ መሠረት አድርጎ ደንግጎታል። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ፥ የአንዱ ደረጃ ከፍታ በሁለት ተባዝቶ የመርገጫው ስፋት ሲደመርበት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። የዚህ ሕንጻ ከወለል እስከ ወለል ቁመቱ 306 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ18 ሲካፈል 17 ይደርሳል። ሁለት ጊዜ 17፥ 34 ነው፤ የመርገጫው ስፋት 29 ሲጨመር 63 ይሆናል። ስለዚህ ፕላኑ አልተሳሳተም።

ታዲያ ጥፋቱ ከየት መጣ? አርማታው ከተሞላ በኋላ የታችኛውም የላይኛውም ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ሊሾና ንጣፍ ሲለብስ፥ ደረጃው ብቻ ራቁቱን ቀረ። የታችኛው ወለል ከፍ ሲል የመጀመሪያው ደረጃ አጠረ፤ የላይኛው ከፍ ሲል የመጨረሻው ረዘመ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ 17ቱ መርገጫዎች በዚያው በ5 ሳንቲ ሜትር ቢለብሱ ሁሉም እኩል ይሆናሉ።

አፄ ሠርጸ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገረውን የጉዛራን ቤተ መንግሥት በአጠገባችን ለምናይ ለእኛ ሕንጻ ብርቅ አይደለም፤ የጎደለን ቁጥጥር ነው። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኞች የሆንን ሁሉ፥ ርክክብ ሲደረግ ቀለሙንና መስተዋቱን ብቻ አይተን አንፈርም። የደረጃው ከፍታ የሚለካው ንጣፉ ካለቀ በኋላ መሆኑ በውሉ ይግባ፤ የእያንዳንዱም ልክ የመጨረሻው ክፍያ ሳይፈጸም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሜትር መዘርጋት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ የአንዲት እናት እጅ ግን በሩብ ሰዓት አይጠገንም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእንፍራንዝ